ጎረቤት የጫነውን ጫኑ

 

የጋበዙኝ የአዳማ ወጣቶች የሰጡኝ ርዕስ አጭር ነው፦ «ሊኑክስ መጀመር ለሚፈልግ ሰው የትኛው ይሻለዋል?» የግብዣ ደብዳቤውን ካመጡት ልጆች አንዱ ታዲያ «መልሱ አንድ ስም ከሆነ በቴሌግራም ይላኩልን፤ ለምን አዳራሽ እናስከፍታለን?» አለኝ። ልክ ነው። ስሙን ብቻ ለሚፈልግ አሁኑኑ እነግረዋለሁ፦ ሊኑክስ ሚንት። የቸኮለ መሄድ ይችላል። ለምን ሚንት እንዳልኩ፣ ለማን እንደማይሆን፣ መቼስ መልሱ ሌላ እንደሚሆን መስማት የሚፈልግ ግን ይቀመጥ።

ነገሬን በአራት እከፍለዋለሁ። በመጀመሪያ ጥያቄው ለምን ዛሬ እንደመጣ፤ ቀጥሎ ሊኑክስ ምን እንደሆነና ለምን ይህን ያህል ስም እንደበዛበት፤ በሦስተኛ ደረጃ ማን ቢተወው እንደሚሻለው፤ በመጨረሻም እንዴት እንደምንመርጥ። ብዙ የምቆየው በመጨረሻው ላይ ነው። ሌላ ካላልኩ በቀር ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

እሺ፤ ለምን ዛሬ? ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የኖረውን መደበኛ የደኅንነት ማስተካከያ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 መሆኑ ነው። ማራዘሚያ አለ፤ እሱም ጊዜያዊ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ መራጭ ነው። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ በታች ያለውን ከበር ይመልሳል።

አሁን ወደ አዳማ ሱቆች እንግባ። እዚህ የሚሸጠው ላፕቶፕ አብዛኛው ዩዝድ ነው። ውጭ አገር ቢሮ ውስጥ ሲያገለግል ኖሮ በዱባይ በኩል የመጣ ዴል ላቲቲዩድ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ። ጠንካራ ዕቃ ነው፤ ነገር ግን ብዙው 6ኛ ወይም 7ኛ ትውልድ ነው። አንዲት ተማሪ አባቷ በሬ ሸጦ የገዛላትን ላፕቶፕ ገና አንድ ዓመት ሳትጠቀምበት ማይክሮሶፍት «አርጅቷል» ይላታል። ዕቃው ግን አላረጀም። ለሊኑክስ እንዲያውም ከእነዚህ የቢሮ ላፕቶፖች የተሻለ ማሽን ማግኘት ይከብዳል፤ ክፍሎቻቸው የታወቁ ስለሆኑ ብዙውን ጊዜ ድራይቨር ፍለጋ ሳያስኬዱ ይሠራሉ።

ስለ ሌላውም ጉዳይ በግልጽ እንነጋገር። በከተማችን ያለው ዊንዶውስ ምን ያህሉ በገንዘብ የተገዛ ነው? እጅ አውጡ አልልም። ክራክ የሚያደርገው ፕሮግራም ራሱ ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ ከመክፈቱ በፊት አንቲቫይረሱን አጥፉ ይላችኋል፣ እናንተም ታጠፋላችሁ። ከዚያ ፍላሻችሁን ይዛችሁ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሄዳላችሁ። ስትመለሱ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኗል። ይህን ያላየ ሰው በዚህ አዳራሽ ካለ ዛሬ ከተማ የገባ እንግዳ ነው። ያ ቫይረስ የተጻፈው ለዊንዶውስ ስለሆነ ሊኑክስ ላይ አይነሳም። ሊኑክስ ከክፉ ነገር ሁሉ ነጻ ነው እያልኩ አይደለም፤ ይኸኛው ግን አይነካውም።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ። ሊኑክስ ምንድን ነው? በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለራሱ ኮምፒውተር መጻፍ የጀመረው ከርነል ነው። ከርነል ማለት ከማሽኑ አካላት ጋር በቀጥታ የሚነጋገረው ክፍል ነው፤ ራሙን የሚያከፋፍል፣ ዲስኩን የሚያስነብብ፣ ኪቦርዱን የሚያዳምጥ። ብቻውን ግን ለእናንተ ምንም አይሠራም። ቅጥቅጥን ታውቁታላችሁ፤ ከአዳማ አሰላ የምትሳፈሩበትን። ሥሩ የአይሱዙ የጭነት መኪና ነው። ሞተርና ሻንሲው አይሱዙ ነው፣ ቦዲው ግን እዚሁ አገር የተቀጠቀጠ። አንዱ ጋራዥ ወንበሩን ያሰፋል፣ ሌላው ጣሪያውን ከፍ ያደርጋል። ሊኑክስም እንዲሁ ነው፤ ከርነሉ አንድ፣ ቦዲው ብዙ። ከርነሉን ይዞ መስኮቱን፣ ሜኑውን፣ የጽሕፈት ፕሮግራሙን አሟልቶ የሚያቀርበውን ዲስትሮ እንለዋለን።

ቦዲ ሠሪው የበዛው ፈቃዱ ክፍት ስለሆነ ነው። ሪቻርድ ስታልማን በ1983 ግኑ የሚባለውን ፕሮጀክት ሲያውጅ የተነሳበት ሐሳብ ማንም ሶፍትዌሩን ይቅዳ፣ ይመርምር፣ ያሻሽል፣ ለሌላ ይስጥ የሚል ነበር። የቶርቫልድስ ከርነልም ብዙ ሳይቆይ በዚያ ሐሳብ በተጻፈው ፈቃድ ሥር ገባ። ከዚያ በኋላ ያለው የትውልድ ቆጠራ ነው። በ1993 ኢያን መርዶክ ዴቢያንን ጀመረ። ዴቢያን በ2004 ኡቡንቱን ወለደ፤ ከበስተጀርባው ያለው ማርክ ሻትልዎርዝ የሚባል ደቡብ አፍሪካዊ ነው። ኡቡንቱ በ2006 ሚንትን ወለደ፤ እሱን የጀመረው ፈረንሳዊው ክሌሞን ለፌቭር ነው። ሌላም ዘር አለ፣ ፌዶራን የመሰለ። ለዛሬው ጉዳያችን ግን ይኼ ቤተሰብ ይበቃናል።

«ሊኑክስ ለእኔ ከባድ ነው» የሚል ሰው ኪሱን ይፈትሽ። አንድሮይድ ስልክ ካለው ሊኑክስ ከርነል ይዞ ነው የሚዞረው። ስለ አንድሮይድ ካነሳሁ አይቀር እዚሁ አጠገባችን የሆነ ነገር ልንገራችሁ።

«ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» በሚል መርሕ ይሠራ የነበረው፣ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የመሠረቱት የአሜሪካ ድርጅት በ2012 በኢትዮጵያ ሁለት ቦታ ታብሌት በካርቶን እንደታሸገ አስቀምጦ መሄዱ ተዘገበ። አስተማሪ የለም፣ መመሪያም የለም። አንደኛው ቦታ በተራራው ላይ ያለው ወንጪ ነው። ሌላው ወለንጪቲ! ፈረንጆቹ ሲጽፉ «በስምጥ ሸለቆ ያለ ሩቅ መንደር» አሉ። የጅቡቲ ከባድ መኪና ቀንና ሌሊት የሚያልፍባትን ወለንጪቲን! ይሁን፤ ልጆቹ ግን ማንበብ ገና ያልጀመሩ፣ የአንደኛ ክፍል ዕድሜ ያላቸው ነበሩ፤ በየቦታው 20 ያህል። መሣሪያው ሞቶሮላ ዙም የሚባል አንድሮይድ ታብሌት፣ ቻርጁም በጸሐይ። ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት መድረክ ላይ እንደተናገሩት አንድ ልጅ በደቂቃዎች ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በአምስት ወር ውስጥ ደግሞ በስህተት ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ልጆቹ ራሳቸው ከፈቱት። መሥራች ስለ ሥራው ሲያወራ ትንሽ ቅመም እንደሚጨምር አውቃለሁ፤ እናንተም እያወቃችሁ ስሙት።

ከዚህ ታሪክ ሰዎች የሚወስዱት «ልጆች ብልህ ናቸው» የሚለውን ነው። ብልህ መሆናቸውን እናቶቻቸውም ያውቁ ነበር። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። በአንድ ቦታ ያሉት ልጆች ሁሉ የያዙት አንድ ዓይነት መሣሪያ፣ በውስጡም አንድ ዓይነት ፕሮግራም ነበር። አንዱ ያገኘው ዘዴ ጎረቤቱ ታብሌት ላይ ሳይቀየር ይሠራል። ለአንዱ አንድ ዓይነት ታብሌት፣ ለሌላው ሌላ ዓይነት ሰጥተዋቸው ቢሆን አንዱ ሌላውን ምን ያስተምረው ነበር? ይህን ሐሳብ ያዙልኝ፤ የምርጫችን ቁልፍ ስለሆነ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛው ነጥብ፤ ማን ይተወው? እዚህ ላይ የሊኑክስ ወዳጆች አይወዱኝም።

በፒችትሪ የሚሠራ የሒሳብ ሠራተኛ ይተወው። ዛሬ ሴጅ 50 በሚል ስም የሚሸጠው ይህ ፕሮግራም ለዊንዶውስ የተሠራ ነው። የነጋዴን መዝገብ ይዞ «የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ በሚያስኬደው በዋይን ይሠራ ይሆናል» ብሎ ሙከራ ውስጥ አይገባም፤ የግብር ወቅት ቀልድ አያውቅም። በአውቶካድ የሚሠራ መሐንዲስም፣ ሠርግ በአዶቤ ፕሪሚየር የሚያቀናብር ፎቶ ቤትም እንጀራቸውን አይንኩ። ጊምፕ፣ ኢንክስኬፕ፣ ኬደንላይቭ የሚባሉ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ፣ ጥሩም ናቸው። ነገር ግን ደንበኛ ፎቶውን በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ አዲስ ፕሮግራም አይለመድም።

ጽሕፈት ቤት ያላችሁ ደግሞ የራሳችሁ ጉዳይ አለ፤ እሱም ፊደል ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በቪዡዋል ግዕዝና በፓወር ግዕዝ የድሮ ፎንቶች የተጻፈው ውል፣ የፍርድ ቤት ማመልከቻ፣ የዕድር ደንብ ሁሉ በኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠው በላቲን ፊደል ቁጥር ነው። አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ስትከፍቱት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይወጣል። ፎንቱን ሊኑክስ ላይ ብትጭኑ ሰነዱ ይነበባል፤ በዚያው መንገድ ለመጻፍ የሚያስችለው የዊንዶውስ ፕሮግራም ግን አብሮ አይመጣም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰነድ የሞላበት ቤት አንዱን ማሽን በዊንዶውስ ያቆይ፤ ሰነዱን ቀስ በቀስ ወደ ዩኒኮድ ይለውጥ። ይህ ሥራ ሊኑክስ ባይጭንም ይጠቅመዋል፤ እነዚያን ሰነዶች ስልክም ላይ ቢሆን በትክክል ማንበብ አይቻልምና።

ማን ይቀራል? በጣም ብዙ ሰው። ተማሪው፣ መምህሩ፣ ኮድ መጻፍ የጀመረው፣ ደብዳቤ የሚጽፈው፣ ብሮውዘርና ቴሌግራም የሚበቃው፣ ፊልም የሚያየው።

አራተኛው ነጥብ፤ ታዲያ የትኛውን?

መጀመሪያ የማይሆነውን ላውጣ፦ ካሊ። ይህን ስል ከኋላ ወንበር ሳቅ እሰማለሁ። ወጣቱ ፊልም ያያል፤ ጥቁር ስክሪን፣ አረንጓዴ ጽሑፍ፣ ባንክ የሚሰብር ልጅ። በማግስቱ ካሊ ሊኑክስን ይጭናል። ካሊ የኔትወርክ ደኅንነት ለሚፈትሹ ባለሙያዎች የተሠራ መሣሪያ ነው። የሚሠሩት ሰዎች ራሳቸው ሊኑክስ ለማያውቅ ሰውና ለዕለት ተዕለት ሥራ አንመክረውም ብለው ጽፈዋል። ዋይፋዩ ካልሠራለት፣ ድምፁ ከጠፋበት፣ ልጁ ሊኑክስን ይረግማል። ሙያውን የምትወዱት ከሆነ መጀመሪያ ሰላማዊውን ልመዱ፤ ካሊ የትም አይሄድም።

ፌዶራስ? ግሩም ሥራ ነው፤ ቶርቫልድስ ራሱ የሚጠቀመው እሱን ነው። ነገር ግን አንዱ ዕትም የሚደገፈው ለ13 ወር ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ማለፍ ግዴታ ነው። ያ ደግሞ ብዙ ዳታ ማውረድ ማለት ነው። ያልተገደበ መስመር ላለው ሰው ምንም አይደል፤ በሞባይል ጥቅል ለሚኖር ተማሪ ግን ወጪ ነው።

ስለዚህ ኡቡንቱና ሚንት ቀሩ። ሁለቱም በረጅም ጊዜ ድጋፍ ይመጣሉ። ኡቡንቱ በየሁለት ዓመቱ፣ ቁጥሩ ተጋማሽ በሆነው ዓመት ኤፕሪል ላይ፣ ለ5 ዓመት የሚደገፍ ዕትም ያወጣል። 24.04 ሲል ዓመቱንና ወሩን ነው፤ ድጋፉ እስከ 2029 ይሄዳል። በእሱ ላይ የቆመው ሚንት 22ም እንዲሁ። ለጀማሪ ከረጅም ጊዜ ድጋፍ ዕትም ሌላ አልመክርም። በየስድስት ወሩ የሚወጡት አዳዲስ የኡቡንቱ ዕትሞች ለማየት ደስ ይላሉ፤ ግን ዕድሜያቸው አጭር ነው።

በሁለቱ መካከል ለምን ሚንት አልኩ? አንደኛ፣ ሜኑው ከታች በግራ፣ ሰዓቱ ከታች በቀኝ ነው፤ ከዊንዶውስ የመጣ ሰው እጁ አይጠፋበትም። ሁለተኛ፣ ማውረጃው ያንሳል፤ የኡቡንቱ 24.04 ፋይል ወደ 6 ጊጋ ሲጠጋ የሚንት 22 ከ3 ጊጋ በታች ነው። ሦስተኛ፣ ኡቡንቱ ፋየርፎክስን ስናፕ በሚባል ጥቅል ነው የሚያመጣው፤ የቆየ ሃርድ ዲስክ ላይ መጀመሪያ ሲከፈት ያንቀራፍፋል። ሚንት ከ2020 ጀምሮ ስናፕን ትቶታል። አራተኛ፣ ታይምሺፍት የሚባል ነገር አብሮት ይመጣል፤ አስተካክላችሁ ካበራችሁት ስታበላሹት ሲስተሙን ወደ ትናንትናው ይመልስላችኋል። ጀማሪ ደግሞ ማበላሸቱ አይቀርም፤ ማበላሸትም አለበት።

ሚንት በሦስት ገጽታ ይወርዳል። ራሙ 8 ጊጋ የሆነ ሲናመንን ይውሰድ፤ 4 ጊጋ የሆነ ኤክስኤፍሲኢን፤ ማቴ የሚባለውን መሐለኛ ለጊዜው ተውት። ከ4 ጊጋ በታች ከሆነ የኡቡንቱ ቀላል ወገን የሆነው ሉቡንቱ ይሞከር። ግን አትታለሉ፤ የትኛውም ዲስትሮ ዩቲዩብን አያቀልም። ሲስተሙ 1 ጊጋ ባይሞላም ብሮውዘሩ ቀሪውን ይበላዋል። ለአሮጌ ላፕቶፕ ትልቁ መድኃኒት ከማንኛውም ዲስትሮ በፊት ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ ኤስኤስዲ መክተት ነው። በዚያውም የአዳማን አቧራ ከፋኑ ላይ አስጠርጉ።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን፣ ሚንት ያልኩትን መልሴን የሚሽር አንድ ነገር አለ። ወለንጪቲን ያዙልኝ ብዬ ነበር። ጓደኛችሁ፣ የምትማሩበት ላብራቶሪ፣ የሰፈራችሁ ጥገና ቤት ኡቡንቱ ከጫነ፣ እናንተም ኡቡንቱ ጫኑ። ዞሪን ከሆነ ዞሪን። ዞሪንን አየርላንድ ውስጥ የጀመሩት ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፣ መልኩ ዊንዶውስ ይመስላል፣ ምንም ነውር የለበትም። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ፕሪንተራችሁ እምቢ ሲላችሁ የሚያድናችሁ የዲስትሮው ውበት አይደለም፤ ያንኑ ስክሪን፣ ያንኑ ሜኑ የሚያውቅ ሰው በስልክ ማግኘታችሁ ነው። አምስት ጓደኛሞች አምስት ዓይነት ከጫናችሁ አምስት ብቸኛ ሰዎች ናችሁ። አንድ ዓይነት ከጫናችሁ አንዱ የፈታው ችግር ለአምስታችሁም ተፈታ። የቴሌግራም ግሩፕ ስትከፍቱም «የሊኑክስ ወዳጆች» ብላችሁ አትክፈቱ፤ ክርክር ብቻ ነው የሚሆነው። በአንድ ዲስትሮ፣ በአንድ ዕትም ክፈቱት። ቢያንስ አንድ ዓመት አትቀይሩ። በየሳምንቱ ዲስትሮ የሚቀያይር ልጅ አውቃለሁ፤ ያልጫነው የለም፣ የሠራበት ግን አንድም የለም።

አሁን የእኛን አገር ጉዳዮች ፈጠን ፈጠን እያልኩ ልለፍ።

ኢንተርኔት። አንድ ሰው በሌሊት ጥቅል ወይም ዋይፋይ ባለበት ቦታ ያውርድና ለሁሉም በፍላሽ ያድል። ይህ በዊንዶውስ ሕገወጥ ነበር፤ እዚህ ግን ፈቃዱ ራሱ አድሉ ይላል። ያወረደው ሰው ቼክሰሙን፣ ማለትም ፋይሉ ሳይጎድል መውረዱን የሚያሳየውን ቁጥር፣ ያረጋግጥ፤ መሐል ላይ በተቆራረጠ መስመር የወረደ ፋይል ሲጫን ነው ጉዱ የሚወጣው።

ሙከራ። ሩፈስ ወይም ቬንቶይ በሚባል ፕሮግራም ዲስትሮውን ፍላሽ ላይ ታዘጋጁታላችሁ፣ ላፕቶፑን በፍላሹ ታስነሳላችሁ፣ ሃርድ ዲስኩን ሳትነኩ ትሞክራላችሁ። ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ካሜራውን፣ ብሩህነት መቀነሻውን ፈትሹ። ዋይፋዩ እምቢ ካለ ተስፋ አትቁረጡ፤ የብሮድኮም ካርድ ሊሆን ይችላል። ስልካችሁን በዩኤስቢ ሰክታችሁ ቴዘሪንግ አብሩ፣ ኢንተርኔት ታገኛላችሁ፤ የድራይቨር ማኔጀሩ ቀሪውን ያመጣዋል።

መብራት። መጫንም ሆነ ትልቅ አፕዴት ማድረግ የባትሪው ነገር በታወቀ ላፕቶፕ ላይ ይሁን። ባትሪው የሞተ ማሽን ካላችሁ መብራት በማይጠፋበት ሰዓት፤ የትኛው ሰዓት እንደሆነ ሰፈራችሁን ጠይቁ።

ፕሪንተር። ኤችፒ ብዙውን ጊዜ ችግር የለበትም። የካኖን ትናንሽ ሌዘሮች ግን፣ በተለይ ኤልቢፒ የሚል የተጻፈባቸው የቆዩት፣ ያስቸግራሉ። ከመወሰናችሁ በፊት እሱን ሞክሩ።

ጽሕፈት። አፋን ኦሮሞ በቁቤ ስለሚጻፍ በተለመደው ኪቦርድ ምንም አይጨምርም። ለአማርኛ አይባስ በሚባለው ማስገቢያ ላይ ኤም17ኤን የተባለውን ጨምራችሁ አማርኛን ትመርጣላችሁ፤ ስልካችሁ ላይ እንደለመዳችሁት በድምፁ ትጽፋላችሁ። ይህ አጻጻፍ የተቀረጸው በይትና ፍርድይወቅና በዳንኤል ያዕቆብ በዘጠናዎቹ ነው። ሊብረኦፊስ የሜኑውን ቋንቋ በአማርኛም በኦሮምኛም ያቀርባል። አንድ ጣጣ አለ፤ በኒያላ ፎንት የተጻፈ የወርድ ሰነድ ሊኑክስ ላይ በአቢሲኒካ ወይም በኖቶ ፎንት ስለሚተካ ገጹ ይንሸራተታል። አንድ ገጽ የነበረ ደብዳቤ ሁለት ሊሆን ይችላል። ለአለቃ የሚላከውን በፒዲኤፍ ላኩ።

መጨረሻ ላይ፣ ዊንዶውስን ሳታጠፉ ጎን ለጎን መጫን ይቻላል፤ ለተማሪ የምመክረውም ይህንኑ ነው። ዊንዶውሱ ውስጥ ፋስት ስታርታፕ የሚለውን አጥፉ፣ ዲስኩን የሚቆልፈው ቢትሎከር ካለ ቁልፉን ወረቀት ላይ ጻፉ። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ደግሞ ሌላ ዲስክ ላይ ሳትገለብጡ ማንም፣ እኔንም ጨምሮ፣ ላፕቶፓችሁን እንዲነካ አትፍቀዱ።

በበሩ በኩል ያለው ጠረጴዛ ላይ ሚንት ሲናመንና ኤክስኤፍሲኢ በፍላሽ ተዘጋጅተዋል። ፍላሽ የያዘ ይገልብጥ፤ ያልያዘ ከጎኑ ካለው ጋር ይጋራ። ካኖን ፕሪንተር ያላችሁ ወደ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት እኔ ጋ እለፉ፤ የሞዴሉን ቁጥር ንገሩኝ።  ማይኩን ለጠያቂዎች ስጡልኝ፤ ከኋላ ከሳቁት እንጀምር።